ጠራ ያልኩበት መታጠፊያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ክረምቱ ወጣ፤ መንገዱ ደረቀ። ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ መንገዱን በሙሉ በጭንቅላትህ ይዘኸው ልትሞት ነው? ጻፈው እንጂ!» አለችኝ። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው፤ ምላሷ ግን አርባ ከሞላው ቆይቷል።

እሺ፣ ልጻፈው። እንግዶችን በብስክሌት የምናወርድበት መንገድ ከእሳተ ገሞራው አፋፍ እስከ ትልቁ ሐይቅ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ ጥቁር አመድ አለ፤ የብስክሌት ጎማ ይውጣል። ቀጥሎ ጉሮሮ የምንለው፣ በሁለት የገሞራ ድንጋይ ግድግዳዎች መሀል የሚያልፍ ጠባብ መንገድ። ከዚያ ጥንታዊው በርና የጥንት ወታደሮች ያነጠፉት የድንጋይ መንገድ። የሠረገላ ጎማ የፈለፈለው ቦይ እስከ ዛሬ አለበት፤ ብስክሌት አንዴ ከገባበት በቀላሉ አይለቅም። ከበሩ በታች አሥራ አንድ መታጠፊያ። በብስክሌት መውረድ ለማይፈልግ ደግሞ ከበሩ ቀጥ ብሎ ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ የሚያወርድ የድንጋይ ደረጃ አለ።

ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን የሚያየው ከፊት የሚሄደው መሪ ብቻ ነው። መሪው እኔ ነኝ፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ታጥፌ መንገዱ ባዶ ከሆነ «ጠራ!» ብዬ እጮኻለሁ፤ ከኋላ ያለው ፍሬኑን ለቆ ይመጣል። ሰው ወይም ከብት ካለ «ቁም!» ነው። ሁለት ቃል ይበቃናል። ልጄ መጨረሻ ላይ ሆና የቀረውን ትሰበስባለች።

ኅዳር 20 አርባ ሰው ይዘን እንወርዳለን። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ብዛት ወስደን አናውቅም።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ዘንድሮ ቅርንጫፉ በዝቷል። ጉሮሮ መውጫ ላይ በግራ በኩል አንዱ ጆሮዬን ገረፈኝ። መጋዝ ይዤ ተመለስኩና ከሥሩ ቆረጥኩት። መካኒካችን ቆሞ ያየኛል። ካቴና ነው የምንለው፤ በስሙ የምትጠራው እናቱ ብቻ ናት።

«ይሄ ቅርንጫፍ አምናም እዚሁ ነበር» አለኝ።

ዛፍ ያድጋል አልኩት። ሰውየው ከብስክሌት በቀር የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስለዋል።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ስድስት እንግዶች። አንደኛዋ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርት ናቸው፤ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው አሉኝ፤ ሲወርዱ ግን ጎረምሳውን ሁሉ አስከንድተዋል።

በሩ ጋ አስቆምኳቸውና እንደ ልማዴ በግራዬ ያለውን ምሰሶ በእጄ እያሳየሁ ስለተቀረጸበት አንበሳ ማውራት ጀመርኩ። ቀኝ እግሩን ለምን እንዳነሳ፣ አፉን ለምን እንደከፈተ፣ የጠረበው ሰው አንበሳ አይቶ የማያውቅ መሆኑን። መምህርቷ ጨዋ ናቸው፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«የቱ አንበሳ?» አሉ።

ዞሬ አየሁ። አንበሳ የለም። ዝናቡ ገምሶ ጥሎታል፤ የቀረው ነጭ ጠባሳ ብቻ ነው። ስብርባሪው እግሬ ሥር ነው ያለው። «ምሳ ሰዓት ስለሆነ ወጣ ብሏል» አልኩ። ሁሉም ሳቁ። መምህርቷ አልሳቁም። ልጄም አልሳቀችም።

ወቅቱ ከተከፈተ ይህ አራተኛው ቡድን ነው። አራት ጊዜ የሌለ አንበሳ አሳይቻለሁ ማለት ነው። መቼስ ሰው የለመደውን ነገር አያይም። ማንም ቢሆን እንዲሁ ነው።


ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ብርጭቆ ሰበርኩ። ሦስተኛዬ ነው። ባለቤቴ ጠረገችው። አሁን ሳስበው፣ ገበታ ስትዘረጋ ውሃውንም ጨውንም ሁሉንም ወደ ቀኜ ማድረግ ጀምራለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የዚህ ደብተር መስመር ደግሞ ቀጭን ነው፤ ጽሑፌ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ርካሽ ወረቀት።


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ለጤና ወረቀት ሄድኩ፤ በየዓመቱ ያስፈልጋል። ነርሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊደላት አስነበበችኝ። እስከ መጨረሻው ረድፍ አንድም ሳልስት አነበብኩላት፤ ከታች በትንንሹ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ሳይቀር። «እንደ ጎረምሳ ነው የምታየው!» አለችና ማህተሟን መታች።

ወረቀቱን እያውለበለብኩ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከመኪናዋ ቀና ሳትል «አባትህም እኮ እስከ መጨረሻው መርፌ ላይ ክር ያስገቡልኝ ነበር» አለች። ትንሽ ቆየችና «በሩን ግን ይገጩት ነበር» አለች።

ደሜ ፈላ። ምን አገናኘው? አባቴ እኮ ሽማግሌ ነበር። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። (አባቴ ከቤት መውጣት ሲያቆም ስንት ዓመቱ ነበር? ስድሳ አልሞላውም መሰለኝ። ይህን ነገር እርግጠኛ አይደለሁም።)


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሰው ወደቀ። ስድስተኛው መታጠፊያ። ትከሻው ነው። ልጄ አብራው ሆስፒታል ሄዳለች። በኋላ እጽፋለሁ።


እሑድ፣ ጥቅምት 23

በሥርዓት ልጻፈው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ስምንት እንግዶች። አምስተኛውን አለፍኩ፤ ስድስተኛውን ታጠፍኩ። አየሁ። ባዶ ነበር። «ጠራ!» አልኩ። ከኋላዬ ያለው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ቀልደኛ፣ ደህና ነጂ። ፍሬኑን ለቆ መጣ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ፤ ብረት ድንጋይ ላይ ሲፋተግ ሰማሁ።

ስመለስ የጥርስ ሐኪሙ አመዱ ላይ ተዘርሯል፤ ትከሻው ከቦታው ወጥቷል። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ደግሞ መንገዱ መሀል ቆመዋል። መረባቸው እግራቸው ሥር ወድቆ ዓሣው ተበትኗል። ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ ወጥተው በዚሁ መንገድ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሐኪሙ እሳቸውን ላለመግጨት ሲል ነው የወደቀው።

«አየኸኝ እኮ!» አሉኝ። «እጄን አነሳሁልህ። ፊትህን ወደኔ አዙረህ አለፍከኝ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እንግዶቹ፣ ልጄ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ሰው አልነበረም! ከነበረ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አልኩ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እንዲህ ተብሎ አይማልም፣ ልጄ» አሉና ጎንበስ ብለው ዓሣቸውን መልቀም ጀመሩ። ልጄ አብራቸው ለቀመች። እኔ ሐኪሙን ደግፌ ነበር፤ ባይሆን እለቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ ጠራኝ። ምን ሆነ አለኝ። ከቁጥቋጦ ውስጥ ድንገት ብቅ ያሉ ይመስለኛል አልኩት። «ይመስለኛል» ነው ያልኩት። እሱ ሪፖርቱ ላይ «ከቁጥቋጦ ውስጥ ድንገት በመውጣታቸው» ብሎ ጻፈ። ፈርም አለኝ፤ ፈረምኩ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

በሐይቁ በኩል የብረት በር ተተከለ። «ለእግረኛ ክልክል ነው» ይላል። የበየደው ካቴና ነው። ሲጨርስ መበየጃውን ወረወረና «የኔ እጅ ነው የሠራው፤ ኃጢአቱ ግን የኔ አይደለም» አለ። 

ዓሣ አጥማጁ አሁን ሐይቁን ዞረው ነው ቤታቸው የሚገቡት። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ዕድሜ፣ መረብ ተሸክሞ።


ሰኞ፣ ኅዳር 1

እረፍት ቀን ነው። ብቻዬን በእግሬ ስድስተኛው መታጠፊያ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ።

በግራ በኩል ቁጥቋጦ የለም። አመድና ጠጠር ብቻ ነው። ቁጥቋጦ ነበረ፤ አምና እኔው ራሴ ነኝ የመነጠርኩት፣ እይታ ይጋርዳል ብዬ።

ትንሽ ተቀምጬ ተመለስኩ።


ዓርብ፣ ኅዳር 5

ጋራዥ ልገባ ስል ከውስጥ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

ካቴና፦ «ታዲያ ማን ይንገረው?»

ልጄ፦ «በነገር አይሰማም። አባዬን አታውቀውም? ራሱ ነው ማየት ያለበት።»

ካቴና፦ «አርባ ሰው ይዞ ከመውረዱ በፊት ይሁን ብቻ።»

ስገባ ካቴና ደህናውን ጎማ ይለጥፍ ጀመር። ልጄ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ ይሆናል፤ ልትነግረኝ ፈርታ። ብትነግረኝ እኮ አልከለክላትም። ይከፋኛል እንጂ አልከለክላትም።


ሰኞ፣ ኅዳር 8

ከአፋፉ ላይ ሆኜ ሐይቁን ሳይ፣ ማዶ በጠርዙ ዳር አንድ ነጥብ ይንቀሳቀሳል። አተኩሬ አየሁ። ዓሣ አጥማጁ ናቸው። መረቡ በየትኛው ትከሻቸው ላይ እንዳለ ሳይቀር ለየሁት። ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንዲህ የሚያይ ሰው እንዴት አጠገቡ የቆመ ሰው ያልፈዋል? ይሄ ነው እኮ የማይገባኝ።

ማታ በር ገጨሁ። ባለቤቴ ክፍት ትታው ነው። ጮኽኩባት። «ሁልጊዜ ክፍት ነው» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

 ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ እጽፈዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ልጄ ጠዋት «አባዬ፣ አርባዎቹ ሳይመጡ እኔና አንተ ብቻችንን አንዴ እንውረድ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ልጅ ሆና ነበር እንዲህ የምትለኝ። ያን ቢጫ ጃኬቷን ለበሰች፤ ከሐይቁ ማዶ የሚታየውን። ጥንታዊው በር ጋ ስንደርስ «አንተ ቅደም፤ ከኋላህ ነኝ» አለች።

አንደኛ፣ ጠራ። ሁለተኛ፣ ጠራ። ሦስተኛ። አራተኛ። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ፍሬኑ ጥሩ ነው፣ ሰውነቴ ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል። አምስተኛ፣ ጠራ። ስድስተኛውን ታጠፍኩ። አየሁ። ባዶ ነው። ወደ ኋላ ወደ ላይ «ጠራ!» ብዬ ጮኽኩላት።

«አባዬ፣ እዚህ ነኝ።»

ድምፁ የመጣው ከላይ አይደለም። ከአጠገቤ ነው። ፍሬን ያዝኩ። አንገቴን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሳዞር ልጄ መንገዱ ላይ ቆማለች፤ በቢጫ ጃኬቷ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። ብስክሌቷን በሩ ጋ ትታ በደረጃው ሮጣ ቀድማኛለች። የጣቷ ጫፍ ከብስክሌቴ መሪ አንድ ክንድ አይርቅም። እንባዋ አመዱን አገጯ ላይ ጭቃ አድርጎታል።

አመዴ ቡን አለ። ከብስክሌቱ ወረድኩና ቁጭ አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«እኔ ያወቅኩት ካምና ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ። ቅርንጫፍ አደገ አልከኝ። ብርጭቆው ቀጭን ነው አልክ። ደብተሩ ርካሽ ነው አልክ፤ እኔ የገዛሁልህን ደብተር!» አለችና በለቅሶዋ መሀል ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ብመታትስ ኖሮ? ይህን ቀኑን ሙሉ እያልኩት ነው። ብመታትስ ኖሮ?

«ብትመታኝም ካርባው ሰው ይሻላል ብዬ ነው» አለች፣ እንደሰማችኝ ሁሉ። 

መጥራት የሚለው ቃል ሁለት ነው። ሰው በስሙ ሲጠራም መጥራት ነው፤ ሰማይ ሲጠራም፣ መንገድ ሲጠራም መጥራት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለቱን አንድ አድርጌ ኖሬአለሁ። ዘንድሮ ግን የኔ ሥራ መጥራት ብቻ ሆኖ ነበር። ጠራሁ እንጂ መጥራቱን አላየሁም። የጥርስ ሐኪሙ የወደቀው በኔ ቃል ነው። ሽማግሌውን በሐሰት የወነጀልኳቸው እኔ ነኝ። ይኸው፣ ጻፍኩት።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

የዓይን ሐኪም ጋ። በማሽን ውስጥ ፊቴን አስገብተው «መሀል ያለችውን ነጥብ ብቻ እይ፤ ዳር ላይ ብርሃን ባየህ ቁጥር ይህን ተጫን» አሉኝ። ጥቂት ጊዜ ተጫንኩ። ከዚያ ዝም። ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ።

«ማሽኑ ተበላሸ እንዴ?» አልኩ።

«አልተበላሸም» አለ ሐኪሙ። «ሲበራ ነበር።»

የግራ ዓይኔ እይታ ዳር ዳሩን ሄዷል፤ ቀኙም ጀምሮታል። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታ ሳላቋርጥ ካደረግኩ የቀረው ሊቆይልኝ ይችላል። በዘር የሚመጣበት ጊዜ አለ አለኝ፤ ልጆች አሉህ ወይ? ሲል ቀልቤ ተገፈፈ። ልጄ ውጭ ነበረች። እሷን ሲመረምሩ በረንዳው ላይ የቆየሁባትን ግማሽ ሰዓት ለጠላቴም አልመኝም። ባለቤቴ እጄን ይዛ ነበር፤ የያዘችው ግራ እጄን ነው። መቼ መጥታ እንደያዘችኝ አላየኋትም።

የልጄ ዓይን ደህና ነው። በየዓመቱ ትታይ ብቻ አለ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።


ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁና ሪፖርቱ ሐሰት ነው አልኩት። ለጥርስ ሐኪሙም ደወልኩለት፤ «ቀድመህ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር» አለኝ። ልክ ነው። ቅዳሜን ማን ይመራል ሲለኝ ሥራ አስኪያጁ፣ ልጄ አልኩ። ካቴና መጋዙን ይዞ የብረቱን በር ሊቆርጥ ሲሄድ እያፏጨ ነበር።

ከዚያ ሐይቁ ዳር። ዓሣ አጥማጁ ጀልባቸው ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። በመንገድ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«አባቴ፣ አላየሁዎትም ነበር» አልኩ። «ዓይኔ ታሟል። በግራ በኩል አላይም።»

«አውቄያለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ያየ ሰው ፍሬን ባይዝ እንኳ ይደነግጣል። አንተ አልደነገጥክም።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። «ባታየኝ አልቀየምህም። እኔን ያስከፋኝ ቁጥቋጦው ነው። ሃምሳ ዓመት በዚያ መንገድ ስሄድ ከማንም ተደብቄ አላውቅም።»

ይቅር ይበሉኝ አልኩ።  የመረቡን አንድ ጫፍ አቀበሉኝና «ያዝ፤ ወጥር አድርገህ» አሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ይዤ ቆየሁ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ጠዋት በሐይቁ በኩል ዓሣ አጥማጁን አገኘኋቸውና አብረን መውጣት ጀመርን። እሳቸው ዓሣውን፣ እኔ መረቡን። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው ቀጭን መንገድ ከስድስተኛው መታጠፊያ ማዶ ነው የሚገነጠለው፤ መሻገር ያስፈልጋል።

ከላይ ድምጿ ይሰማኛል። «ጠራ!» ሩቅ ነው፤ ሁለተኛው መሆን አለበት።  አርባ ሰው ነው። ሦስተኛው። አራተኛው። በየመሀሉ ስትዘገይ ይሰማኛል፤ እኔ ከምዘገየው የበለጠ ትዘገያለች፤ ታያለች ማለት ነው።

«እስኪያልፉ እዚህ ዳር እንቁም» አልኳቸው።

«ለምን? መንገድ እኮ ነው» አሉና ቀጠሉ። ተከተልኳቸው። አምስተኛው ላይ «ጠራ!» ስትል እኛ ስድስተኛው መታጠፊያ ላይ መሀል መንገድ ነን። እግሬ ሽሽ አለኝ፤ አልሸሸሁም። ሐኪሙ እንዳሳየኝ አንገቴን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ አዞርኩ።

ቢጫው ጃኬት ብቅ አለ።

«ቁም! ሰው አለ!»

ፍሬኑ ወደ ላይ እስከ ጥንታዊው በር ድረስ እየተቀባበለ ጮኸ። ልጄ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ ቆማለች፤ ከእኛ ደህና ርቃ። «እንደምን አደሩ?» አለቻቸው። «ደህና፣ ልጄ። አትቸኩይ» አሏት። እኔን አየችኝ።

እሳቸው ቀደሙ፤ እኔ መረቡን ይዤ ተከተልኩ። ተሻግረን ቀጭኑ መንገድ ውስጥ እስክንገባ ጠበቀች። ከዚያ ከጀርባዬ «ጠራ!» ስትል ሰማኋት። አይታ ነው የጠራችው።